ቀለበቱና ከበስተጀርባው ያለው ብረት፤ በፒክአፕ መኪና ላይ የጭነት ማሠሪያ ስለ መጨመር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በፒክአፕ የጭነት ሣጥን ላይ የማሠሪያ ነጥብ ስለ መጨመር ነው። ከሞተርና ከፍሬን ጋር ሲተያይ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ቀለበት፣ አንድ ብሎን፣ አንድ የትራፓኖ ቀዳዳ። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ አስብ ነበር። አሳቤን የለወጠው በጾሬ መንገድ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

ጾሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሆሞሻ ወረዳ የሚገኝ ሥፍራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ተከፍቶበታል። ከአሶሳ ወደዚያ የሚሄደውን ከባድ ጭነት ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ያደርሱታል። የውሃ ፓምፑን፣ የነዳጅ በርሜሉን፣ ቆርቆሮውን፣ ቀርከሃውን፣ በወቅቱም የማንጎውን ከረጢት የሚያመላልሰው ግን ፒክአፕ ነው። ከጭነቱም ጋር ሰው ይሳፈራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 200 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ጄኔሬተር የጫነ አንድ ፒክአፕ በዚሁ መንገድ ሲጓዝ ፍየሎች ገቡበትና ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ያዘ። ጄኔሬተሩ ወደ ፊት ተንሸራትቶ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሰብሮ ገባ። በውስጡ የነበሩት ሁለት ሰዎች የተረፉት ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። መኪናው ወደ ጋራዥ ሲመጣ እንደተመለከትነው፣ ገመዱ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው አልተፈታም፤ ብሎኑም አልተሰበረም። ቀለበቱ ከነብሎኑና ከነዳዶው የወለሉን ላሜራ ቀዶ ወጥቶ በገመዱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር። ያንን ቀለበት የገጠምሁት እኔ ነበርሁ።

ስሕተቱ ምን ነበር? ብሎኑ ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ በራሱ ላይ 8.8 የሚል ምልክት ያለበት ጠንካራ ብሎን ነበር። ይህን የመሰለ ብሎን ከ3 ቶን በላይ ቢጎተት እንኳ ቅርጹን አይለቅም። ነገር ግን የያዘው ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ላሜራ ነበር፤ ከሥሩም ያደረግሁለት አንዲት ትንሽ ሮንዴላ ብቻ ናት። የማሠሪያ ነጥብ ጥንካሬ የሚለካው በቀለበቱ ውፍረት አይደለም፤ ጉተታው ከቀለበቱ ተነሥቶ እስከ ሻንሲው ድረስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ባለው ከሁሉ በደከመው ክፍል ነው።

ሾፌሮችና ረዳቶች ዘወትር የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ «ዕቃው ከባድ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም።» ይህ አሳች አባባል ነው። ክብደት ሲጨምር ዕቃውን በወለሉ ላይ የሚይዘው ፍትጊያ ይጨምራል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚገፋውም ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ከባዱ ከቀላሉ የተሻለ ዋስትና የለውም። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚጓዝ ዕቃ የተሸከመው ጉልበት ከ14 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት ሲመታ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል ደንብም ሆነ ኢ.ኤን. 12195-1 በተባለው የአውሮፓ ደረጃ፣ ለንግድ ጭነት ተሽከርካሪዎች የተወሰነው ልክ አንድ ዓይነት ነው። ጭነቱ ወደ ፊት የክብደቱን 0.8፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 0.5 የሚያህል ኃይል መቋቋም አለበት። ወደ ጄኔሬተራችን እንመለስ። የክብደቱ 0.8 ማለት 160 ኪሎ ግራም ነው። ብረት በብረት ላይ ሲቀመጥ ፍትጊያው የክብደቱን 0.2 ያህል፣ ማለት 40 ኪሎ ግራም ብቻ ይይዛል። የቀረውን 120 ኪሎ ግራም ማሠሪያው ይሸከማል። ከሥሩ ጥሩ የላስቲክ ምንጣፍ ቢነጠፍ ግን ፍትጊያው ወደ 0.6 ስለሚደርስ ለማሠሪያው የሚተርፈው 40 ኪሎ ግራም ይሆናል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ዕቃው በየጊዜው ስለሚዘል በፍትጊያ ብቻ መተማመን አይገባም።

ቀጥሎ የማዕዘን ነገር አለ። በብዙ ፒክአፖች ላይ ፋብሪካው የሠራው የገመድ መንጠቆ ከሣጥኑ ውጭ በጎን ይገኛል። ዕቃው አጭር ሆኖ በወለሉ መካከል ሲቀመጥ፣ ከጎኑ ግድግዳ ጫፍ ላይ ተሻግሮ የሚመጣው ገመድ አግድም ይሆናል፤ ዕቃውንም ወደ ታች አይጫነውም። 100 ኪሎ ግራም ያህል የተወጠረ ገመድ ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ሲሠራ ወደ ታች የሚጫነው 50 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ 60 ዲግሪ ሲሠራ 87 ይሆናል። በሣጥኑ ውስጥ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ ተጨማሪ ነጥቦች የሚያስፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አሠራሩ እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያ፣ አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት በፊት ሣጥኑን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ነባር ብሎኖች መመልከት ይገባል፤ ርዝመታቸው የሚበቃ ከሆነ ወይም ተመሳሳይ ጥንካሬ ባለው ረዘም ያለ ብሎን መለወጥ ከተቻለ፣ ከእነርሱ የተሻለ ሥፍራ የለም። ሁለተኛ፣ መብሳት ግድ ከሆነ በወለሉ ሥር የሚያልፈው ተሻጋሪ ብረት አጠገብ ይሁን፤ ከላሜራው በታችም ውፍረቱ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የብረት ሳህን ይደረግበት። ሦስተኛ፣ ትራፓኖው ከመነሣቱ በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ የነዳጅ ታንከሩን፣ የፍሬን ቱቦውንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የሻንሲው የላይና የታች ከንፈር ግን ከቶ አይበሳም፤ አይበየድምም። አራተኛ፣ የቀዳዳው ጠርዝ ተሞርዶ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ፤ ዛሬ ያልተቀባ ቀዳዳ ከጥቂት ክረምት በኋላ ላሜራውን ይበላዋል። አምስተኛ፣ ዳዶው የማይላላ ዓይነት ይሁን፤ መኪናው ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላም ተመልሶ ይጥበቅ።

ከውስጠኛ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ለማሠሪያ አይሆንም፤ ሲለጠጥ ዕቃው ለመንደርደር ጊዜ ያገኛልና። ከጭነቱ ጋር ለተሳፈረው ሰውም ቀለበቱ መያዣ አይደለም። ዕቃ ይታሠርበታል እንጂ ሰው አይተማመንበትም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ደንበኛ ወደ ጋራዥ ሲመጣ የሚያየው የላይኛውን፣ የሚያብለጨልጨውን ቀለበት ነው። ከሥር ያለውን ሳህን አያይም፤ ዋጋውንም ለመክፈል ቅር ይለዋል። «ቀለበቱን ብቻ ግጠምልኝ» ሲለን፣ እሺ ማለት ቀላል ነው፤ እኔም አንድ ቀን እሺ ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ የደረስሁበት ውሳኔ ይህ ነው፤ ሳህን የሌለውን ቀለበት አልገጥምም። ማሠሪያ የሌለውን መኪና ሾፌሩ ተጠንቅቆ ይነዳዋል፤ የማይይዝ ማሠሪያ ያለውን ግን አምኖ ይነዳዋል። ያ እምነት የእኛ የእጅ ሥራ ነውና እንጠብቀው።