ሐኪሙ ሲሄድ ምን ይቀራል?

(በሃክኒ በተካሄደው ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ ስለ አንድ ጉዳይ ነው። የምናከብራቸው ሐኪሞች ለደምቢያና ለአካባቢው የጤናና የትምህርት ሥራ ድጋፍ እየጠየቁን ነው። ሁሉንም ጥያቄ ማሟላት አንችልም። ለየትኛው እንስጥ? ስንሰጥስ በምን ስምምነት? ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ይህን ብንነጋገርበት ይጠቅማል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ዲግሪዬን ያገኘሁት እዚህ እንግሊዝ አገር ነው። የምናገረውም ከነርስ ወገን ሆኜ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሐኪም ስም ገንዘብ ይሰበስባል። ክፋት የለበትም። አንድ ሐኪም እዚህ ቆሞ ምጥ ስለጠናባት ወላድ ቢነግረን ሁላችንም ኪሳችንን እንፈትሻለን። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ እዚያ ቀበሌ ውስጥ ምን ይቀራል?

ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1953 ደምቢያ በወባ ወረርሽኝ ክፉኛ ተመታች። የዚያን ጊዜውን መከራ ከአያቶቻችን አፍ የሰማን እዚህ አለን። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተባብረው ነው ያቋቋሙት። አገሪቱ ያኔ የራሷ የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም። ኮሌጁ ሐኪም እስኪበዛ አልጠበቀም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ እንደ አንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደየጤና ጣቢያው ላከ። አስተማሪዎቹ ሐኪሞች ነበሩ፤ ተምረው በየገጠሩ የቀሩት ግን እነዚያ ልጆች ናቸው። በ1958 ወባው በአገሪቱ እንደገና ሲነሣ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚመለስ ዘመቻ በሽታን እንደማይጨርስ ያስተማረን ይህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እዚሁ ሃክኒ ውስጥ ያለ ነው። ዳልስተን በ1845 የጀርመን ሆስፒታል የሚባል ተከፍቶ ነበር። ለንደን ውስጥ ለሚኖሩ ጀርመንኛ ተናጋሪ ድሆች በመዋጮና በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ የተሠራ ነው። ሕመማቸውን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ያቃታቸው ስደተኞች በቋንቋቸው የሚሰማቸው አገኙ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነርስነትን ገና ለመማር ስትፈልግ ከጎበኘቻቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነበር። በ1948 ኤን ኤች ኤስ ሲቋቋም ሆስፒታሉ ወደ መንግሥት ተዛወረ፤ እስከ 1987ም ሠራ። እንደኛው ስደተኞች የነበሩ ሰዎች በመዋጮ ጀመሩት፤ የዕለት ወጪውን ግን በመጨረሻ የሕዝብ ግብር ተረከበው። የበጎ አድራጎት ገንዘብ ጥሩ ጀማሪ ነው፤ ለዘለዓለም ከፋይ ግን አይሆንም። ስለዚህ ስንጀምር ተረካቢውን አብረን ማሰብ አለብን።

ሦስተኛው ምሳሌ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ተቀጥረው ነበር። ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ሲያዩ ሥራቸው ወደዚያ አዘነበለ፤ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ከብዙ አገር በሚሰበሰብ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ሴቶቹ በነፃ ይታከማሉ። በ2005 ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ተከፈተ፤ ለእኛ አካባቢ ሴቶች መንገዱ አጠረላቸው። ታካሚ ሆነው የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ እዚያው ሠልጥነው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ፤ በ1989 እዚህ ለንደን ከሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጀንስ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን በ2007 የሆነው ነው። ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲራዘምና የሚረዳ ሰው ሲጠፋ ነው። ሆስፒታሉ ስንትም ሴት ቢጠግን፣ መንደር ውስጥ አዋላጅ ከሌለች ሌላዋ ትመጣለች። ስለዚህ የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች በዲግሪ ተምረው ወደ ገጠር ተመልሰው ያዋልዳሉ። እናቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህን ነው። ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው አረፉ፤ ሥራው አልቆመም፤ ሌሎች ሠልጥነው ነበርና።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። አገር ቤት ስሄድ በአንድ ጤና ጣቢያ ከውጭ የተላከ መሣሪያ በላስቲክ ተሸፍኖ አይቻለሁ። ማጣሪያው አልቋል፤ የሚቀይረው የለም። የመብራቱ ኃይል ይወርዳል ይወጣል። አጠቃቀሙን የተማረችው ነርስ ተዛውራለች። የላኩት ሰዎች በቅን ልብ ነው የላኩት። ያልተላከው የሥልጠናውና የጥገናው ገንዘብ ነው። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በስጦታ የሚላክ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲኖረው ይጠይቃል። በሻንጣ ተሰብስቦ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ይህን አያሟላም።

ትራኮማን ደግሞ አስቡት። የክልላችንን ሰው ዓይን ለረጅም ዘመን ሲያጠፋ የኖረ በሽታ ነው። መድኃኒቱን ዚትሮማክስን ፋይዘር በነፃ ይሰጣል፤ የካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆኖ በእደላው ይሠራል። መድኃኒቱ ግን ከአራቱ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። የተቀለበሰ የዓይን ሽፋንን በቀዶ ሕክምና ማቅናት፣ የልጆችን ፊት ማጠብ፣ ውኃና መጸዳጃ ማዘጋጀት ቀሪዎቹ ሦስቱ ናቸው። ፊት መታጠብን የሚያስለምደው ሐኪሙ አይደለም፤ የሁለተኛ ክፍል መምህሯ ናት። ትምህርት ቤቱ ውኃ ከሌለው ደግሞ እሷም ምን ታድርግ? ጤናና ትምህርት አንድ ሥራ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

ከ2003 ጀምሮ መንግሥት ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ፣ 5 ሺህ ለሚሆን ሰው፣ ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መድቧል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ግጭት ተነሥቶ መንገድ ሲዘጋ ከከተማ ሐኪም ሊሄድ አልቻለም። በጤና ኬላው የቀሩት እዚያው የሚኖሩት ናቸው። ገንዘባችን መጀመሪያ እነሱ ዘንድ ቢደርስ እላለሁ። ሐኪሞቹ ያስተምሯቸው፣ በስልክ ያማክሯቸው፣ ከባዱን ሕመም ይቀበሏቸው። ከ1996 ጀምሮ የሌስተርና የጎንደር የሕክምና ባለሙያዎች የመሠረቱት ትስስር ዋና ስጦታው ይኸው ነበር፤ አንዱ ወደ ሌላው እየሄደ እውቀት መለዋወጥ። እዚህ ያለን ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና መምህራንም በዚህ በኩል የምንሰጠው አለን።

ስለዚህ ለሚቀርብልን ማንኛውም ጥያቄ አራት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ሐኪሙ በሌለበት ቀን ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ስሙና የሥራ ቦታው ይነገረን።

ሁለተኛ፣ በሦስተኛው ዓመት ማን ይከፍላል? ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ከትምህርት ቤቱ በጽሑፍ የተሰጠ ቃል አለ?

ሦስተኛ፣ ከበጀቱ ለሥልጠና፣ ለጥገናና ለአላቂ ዕቃ የተያዘው ስንት ነው?

አራተኛ፣ የቀበሌው ሴቶች ተጠይቀዋል? ችግሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ከቀረቡልን ጥያቄዎች አንዱ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነው። አይገዛ አልልም። ለእርጉዝ ሴት ጥቅሙን አውቃለሁ። የሁለት አዋላጆች ሥልጠናና የጥገናው ወጪ አብሮ ይግባ፤ ከዚያ እንግዛ ነው የምለው። ይህን ካልቻልን በዚያው ገንዘብ የአዋላጆቹን ሥልጠናና የትምህርት ቤቱን የውኃ ታንከር እናስቀድም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልጨምር። አንድ አባል በወር 10 ፓውንድ ቢያዋጣ በዓመት 120 ይሆናል። ግብር ከፋይ ከሆነና የጊፍት ኤይድ ፎርም ከፈረመ መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ 25 ሳንቲም ይጨምራል፤ 120ው 150 ይሆናል። አርባ ቤተሰብ እንዲህ ቢያደርግ በዓመት 6 ሺህ ፓውንድ ነው። ፎርሙ በር ላይ ተቀምጧል፤ ሳትፈርሙ እንዳትወጡ። ደግሞም ለአዋላጆች ብለን የሰበሰብነውን ገንዘብ ለሌላ ማዋል የዚህ አገር የበጎ አድራጎት ሕግ አይፈቅድልንም። ይህ ሊያስፈራን አይገባም። በእድር ያደግን ሰዎች ነን፤ የቀብር ገንዘብ ለድግስ እንደማይውል እናውቃለን።

ሐኪሞቻችንን እናክብር፤ አብረናቸው እንሥራ። ከእነሱም የምንጠይቀው ትልቁ ነገር ከእነሱ በኋላ የሚቆሙ ሰዎችን እንዲያፈሩልን ነው። ዛሬ ድምፅ ስትሰጡ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጥ የያዛት ሴት በር የምታንኳኳባትን አዋላጅ አስቧት። የምንሰጠው ገንዘብ እሷ ዘንድ ከደረሰ ሥራችንን ሠርተናል።