መርፌው የማን ነው?

አቅራቢት፦ ለሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ከመውጣቷ በፊት የአገጯን ፀጉር በኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም ሥሩን በመርፌ በሚላክ ኤሌክትሪክ በመግደል፣ ማስወገድ የምትፈልግ ሴት መጀመሪያ ዋጋ ትጠይቃለች። እኔ ግን መርፌውን ትመልከት ባይ ነኝ። ፓኬቱ ዓይኗ እያየ ይቀደድ። መርፌዋ የፀጉር ያህል ብትቀጥንም ቆዳ ውስጥ የምትገባ ናትና፣ ሌላ ሰው ላይ ከዋለች የጉበት ቫይረስ ልታስተላልፍ ትችላለች።

ባልደረባዋ፦ ምልልሱስ? በየፀጉሩ አንድ በአንድ እኮ ነው! ሌዘር አይሻልም?

አቅራቢት፦ ሌዘር ይፈጥናል፤ ብርሃኑ ግን የሚያነጣጥረው ጥቁር ቀለም ላይ ስለሆነ፣ ለጠይም ቆዳ ያልተስተካከለ ማሽን ያቃጥላል። መርፌ ቀለም አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ1875 አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ቻርልስ ሚሼል ዘዴውን ያስተዋወቀውም ወደ ውስጥ ለዞረ ሽፋሽፍት ነበር፤ በእኛ አገር ትራኮማ በወረንጦ ለሚያስነቅለው ዓይነት። የባለሙያ እጅ የሚታወቀው ፀጉሩ ሲወጣ ነው፦ ሥሩ ከሞተ ሳይጎተት ሾልኮ ይመጣል። ሲወጣ ደንበኛዋን ቆንጠጥ ካደረጋት ግን ተነቀለ እንጂ አልሞተም፤ ተመልሶ ይበቅላል።