የሰርቨርን ቀዳዳ በጊዜው ስለ መድፈን

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



የመንግሥት ሥራ በመዝገብ የቆመ ነው። መዝገብ ከሌለ ባለይዞታው ቦታውን፣ ጡረተኛው አበሉን፣ ተማሪው ውጤቱን፣ ነጋዴው የከፈለውን ግብር የሚያስረዳበት መንገድ የለውም። ከእኛ በፊት የነበሩት የመዝገብ ቤት ሹሞች ይህን በሚገባ ስላወቁ መዝገቡን በሣጥን ቆልፈው፣ ቁልፉን ለታመነ ሰው አስረክበው፣ ጣራው እንዳያፈስ ክረምት ሳይገባ እያስጠገኑ ይጠብቁት ነበር። ዛሬ ሣጥኑ ተለውጧል፤ የጠባቂነቱ ግዴታ ግን አልተለወጠም። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ስለ አዲሱ ሣጥንና ስለ ጣራው ጥገና ይሆናል።

አዲሱ ሣጥን ሰርቨር ይባላል። ሰርቨር ማለት ብዙ ሠራተኞች በየጠረጴዛቸው ሆነው በአንድ ጊዜ የሚገለገሉበት፣ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ስንት ሥራ በዚህ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ እንደ ተጫነ እስቲ አስቡ፤ የከተማ አስተዳደሩ ሂሳብ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ውጤት፣ የሆስፒታሉ ካርድ፣ የባንኩ ገንዘብ፣ በኮምቦልቻ ጉምሩክ የሚያልፈው ዕቃ መግለጫ ሁሉ በአንዱ ወይም በሌላው ሰርቨር ላይ የተመዘገበ ነው።

ይህን ኮምፒውተር የሚያዝዘው ዋና ፕሮግራም ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። በሰርቨሮች ላይ በብዛት የሚሠራባቸው ዊንዶውስ ሰርቨርና ሊኑክስ ናቸው። ማን ይግባ፣ ማን ይከልከል፣ የትኛው መዝገብ ለማን ይከፈት ብሎ የሚወስነው ይኸው ፕሮግራም ነው። በብዙ ሚሊዮን መስመር የተጻፈ የሰው እጅ ሥራ እንደ መሆኑ መጠን ግን ስሕተት አያጣውም። ከስሕተቶቹም አንዳንዶቹ ፈቃድ የሌለው ሰው ሾልኮ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ይሆናሉ። ሠሪው ድርጅት ቀዳዳውን ባወቀ ጊዜ ማረሚያ አዘጋጅቶ በኢንተርኔት ያሠራጫል። የሙያው ሰዎች ይህን ማረሚያ ፓች ይሉታል፤ የተቀደደ ልብስ በእራፊ እንደሚጣፍ ሁሉ የፕሮግራሙን ቀዳዳ የሚደፍን ነውና።

ዳሩ ግን ይህ ቀዳዳ ከልብስ ቀዳዳ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። የልብሱን ቀዳዳ ለመጣፍ አንድ ሳምንት ብትዘገዩ ቀዳዳው ያው ቀዳዳ ነው። የሰርቨሩ ቀዳዳ ግን ማረሚያው በወጣበት ቀን ለዓለም ሁሉ የታወጀ ይሆናል። ክፉ አሳቢው አሮጌውን ፕሮግራምና የታረመውን ጎን ለጎን አስተያይቶ የተለወጠችውን ቦታ ይፈልጋል፤ የተለወጠችው ቦታም ቀዳዳዋ የነበረችበት ናት። ስለዚህ ማረሚያ ወጣ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ ማረሚያውን ላልጫነ ሰው አደጋው ይብሱን ቀረበ ማለት ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን የ2009 ዓ.ም. ታሪክ ነው። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በዊንዶውስ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ፋይል በሚለዋወጡበት ክፍል ላይ የነበረውን ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን ማረሚያ አወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን በዚያ ቀዳዳ የሚገባበት መሣሪያ በኢንተርኔት ላይ ተዘራ። ግንቦት 4 ቀን ደግሞ ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚያው መሣሪያ እየታገዘ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒውተሮችን ያዘ፤ መዝገቦቹን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆልፎም ለመክፈቻው ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ከነበሩት 236 የመንግሥት የጤና ድርጅቶች ውስጥ የ81ዱ ሥራ ተናወጠ፤ ለቀጠሮ የመጡ ሕመምተኞችም ሳይታከሙ ተመለሱ። የዚያ አገር የሂሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ፣ የተያዙት ድርጅቶች ቀላል በሆነ እርምጃ ራሳቸውን ሊጠብቁ ይችሉ እንደ ነበር ገለጠ።

ከመጋቢት 5 እስከ ግንቦት 4 ያለውን ብትቈጥሩ 59 ቀን ነው። መድኃኒቱ በነጻ ተዘጋጅቶ 59 ቀን ሙሉ በደጅ ቆሞ ነበር። አደጋውን ያመጣው የዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ ማንም የእኔ ሥራ ነው ብሎ ያልተነሣባቸው ቀናት ናቸው።

በዚያው ዓመት ሰኔ 20 ቀን፣ ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኳን ከማስመረቋ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ኖትፔትያ የተባለ ሌላ ፕሮግራም ያንኑ ቀዳዳ ከሌሎች ዘዴዎች ጋር አጣምሮ ተነሣ። መርስክ የተባለው ታላቁ የመርከብ ኩባንያ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ለመትከል ተገደደ። ጋዜጠኞች እንደ ዘገቡት የኩባንያው ሠራተኞች የመግቢያ ፈቃድ የሚመዘገብበት ሰርቨር በየአገሩ ያለው ቅጂ ሁሉ ሲጠፋ፣ የዳነው በጋና የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም የዳነው በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ ነው። መብራት በመጥፋቱ የዳነ ድርጅት ዕድለኛ ነው፤ የሕዝብ መዝገብ የተረከበ መሥሪያ ቤት ግን በዕድል ሊተዳደር አይገባውም።

ሊኑክስ የሚጠቀሙትም ይህ እኛን አይመለከተንም እንዳይሉ የ2014 ዓ.ም. ነገር ያስታውሳቸው። ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ውስጥ ከ12 ዓመት በላይ ተሰውሮ የኖረ ቀዳዳ መገኘቱ ተገለጠ። በዚያ ቀዳዳ ተራ ተገልጋይ የነበረ ሰው የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን ለመያዝ ይችል ነበር። ማረሚያው ወዲያው ቢወጣም የሚጠቅመው ለጫነው ብቻ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች፣ በጦሳ ተራራ ሥር ያለውን ትንሽ ቢሮ ማን ዐውቆት ይመጣበታል? ይሉ ይሆናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ዋናክራይን የመሰለው ፕሮግራም የመሥሪያ ቤቱን ስም አያነብም፤ የኮምፒውተሮችን የአድራሻ ቍጥር በዘፈቀደ እየጠራ፣ የተከፈተ በር ባገኘ ጊዜ ይገባል። በውጭ በኩል ያለው በር ቢዘጋ እንኳ አንድ ሠራተኛ ከሌላ ቦታ ይዞት የመጣው የተበከለ ላፕቶፕ በውስጥ በኩል ይከፍትለታል። ከዚህም በላይ አገራችንን ስሟን ጠርተው የሚነሡባት አሉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጋር በተያያዘ ከግብፅ የተነሣ የኮምፒውተር ጥቃት ማክሸፉን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አስታውቋል።

ስለ ጥፋት ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሁለቱ ከተሞች በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዘው ኅዳር 27 ቀን እስኪለቀቁ ድረስ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ሲያጣ ባለጉዳዩ ምን ያህል እንደሚንገላታ ያየ ሕዝብ ነው። ያ ጥፋት በጦር መሣሪያ የመጣ ስለ ሆነ ጸሐፊው ወይም የቢሮ ኃላፊው ሊመልሰው አይችልም ነበር። ዛሬ የምንናገርለት ጥፋት ግን በእጃችን ያለ ነው። በብዙ ድካም እንደ ገና የተተከለው ሰርቨር ለአንድ ሰዓት ሥራ በታጣ ትዕዛዝ ቢጠፋ ምን ምክንያት ለመስጠት እንችላለን?

ታዲያ ማረሚያው በነጻ ከመጣ የሚዘገየው ስለ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ሥራ ይቋረጣል የሚለው ፍርሃት ነው። ማረሚያው ከተጫነ በኋላ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ጠፍቶ መነሣት ይኖርበታል፤ ኃላፊውም ባለጉዳይ እየጠበቀ እንዴት ይጠፋል ብሎ ለነገ ያስተላልፈዋል፤ ነገም የራሱ ባለጉዳይ አለው። ሁለተኛው ምክንያት ያለፈቃድ የተገለበጠ ፕሮግራም ነው፤ ብዙ ሰዎች ማንነቱ እንዳይታወቅበት ብለው የማረሚያውን መንገድ ጭምር ይዘጉታል። ሦስተኛው እርጅና ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ሰርቨር 2012 የሚያደርገውን መደበኛ ድጋፍ መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. አቁሟል፤ ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ዘመኑን ፈጽሟል። ያለ ልዩ ክፍያ እነዚህን ይዞ መቀመጥ ጠጋኝ የሌለው ጣራ ሥር መቀመጥ ነው።

አራተኛው ምክንያት ማረሚያው ራሱ ሥራ ያበላሽብናል የሚል ሥጋት ነው። ይህ ሥጋት መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት የቻሉበት ችግር ሲደርስ፣ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ተገልጧል። ያ ነገር የኦፐሬቲንግ ሲስተም ማረሚያ ጉዳይ ባይሆንም ለሁላችን ትምህርት ነው። ከዚህ የምንማረው ግን ማሻሻያን መሸሽ ሳይሆን ማሻሻያን በሥርዓት መሥራት ነው። በስሕተት የተሠራ ጥገና አለና ጣራው ይፍሰስ የሚል ቤተሰብ የለም።

ሥርዓቱም የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ያሉትን ሰርቨሮች ሁሉ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ዓይነትና ዕድሜ፣ የሚሠራበትንም ሥራ በመዝገብ ያስፍር፤ ያልተመዘገበ ሰርቨር የሚጠግነው የለም። ቀጥሎም ኃላፊነቱ በስም ለአንድ ሠራተኛ፣ ለፈቃዱም ጊዜ ለተተኪው ይሰጥ። ይህ ሠራተኛ ማስታወቂያዎቹን ይከታተላል፤ ማይክሮሶፍት ማረሚያዎቹን የሚያወጣው በፈረንጆች ወር በየሁለተኛው ማክሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ማታ ስለ ሆነ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሊኑክስም ማስታወቂያ የሚያወጣባቸው መንገዶች አሉት።

ከዚያም ምንም ከመነካቱ በፊት የመዝገቡ ቅጂ ይወሰድ፤ ቅጂውም ከሰርቨሩ ጋር ተያይዞ የሚኖር ሳይሆን ተነጥሎ በሌላ ቤት የሚቀመጥ ይሁን። ከቅጂው መልሶ መሥራት እንደሚቻልም አልፎ አልፎ ይፈተን፤ ያልተፈተነ ቅጂ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። ማረሚያው አስቀድሞ ብዙ ጉዳት በማያደርስ አንድ ሰርቨር ላይ ይሞከር፤ ደኅና ከሆነ ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በቀሩት ላይ ይጫን። መብራት በመካከል ቢጠፋ ሰርቨሩ ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤሱና ጄኔሬተሩ አስቀድሞ ይታይ።

ተጫነ ማለትም ተፈጸመ ማለት አይደለም። ዋናው የሲስተሙ ክፍል የታረመ እንደ ሆነ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ አሮጌው ፕሮግራም ከነቀዳዳው በሥራ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ተጭኗል የሚል ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ጠፍቶ ተነሥቷል፣ ሥራውም ተፈትኗል የሚል ፊርማ በመዝገቡ ላይ ይስፈር። የሰኔ ሠላሳው የበጀት መዝጊያ በመሰለ ጊዜ ሰርቨሩን ማጥፋት የማይቻል ከሆነም ማዘግየቱ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱና ከነማብቂያው ቀን ይወሰን፤ እስከዚያው ቀዳዳ ያለበት አገልግሎት ከመረቡ ይገለል። ቀዳዳው በወንጀለኞች እየተሠራበት መሆኑ ከተነገረ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከዚህ ሁሉ እንደምታዩት የሥራው ግማሽ የባለሙያው፣ ግማሹ የአስተዳዳሪው ነው። ባለሙያው ማረሚያውን መጫን ያውቃል፤ ሰርቨሩን ለማጥፋት ፈቃድ፣ ለመሞከሪያው ኮምፒውተር ገንዘብ፣ ቅዳሜ ለሠራበት ደግሞ አበል የሚሰጠው ግን እናንተ በምትፈርሙት ወረቀት ነው። የመምሪያ ኃላፊ ለሆናችሁ በነገው ዕለት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ሰርቨር አለን? ለመጨረሻ ጊዜ የታረሙት በየትኛው ቀን ነው? ኃላፊውስ ማነው? መልሱ ወዲያው ካልመጣ ሥራው ከዚያ ይጀምር። ኃላፊ ያልሆናችሁም ባለሙያው ኮምፒውተራችሁን አጥፍታችሁ እንድታስነሡ በጠየቃችሁ ጊዜ አታሰናክሉት፤ ከውጭ ያመጣችሁትንም ፍላሽና ላፕቶፕ ሳይፈተሽ ከቢሮው መረብ ጋር አታገናኙ።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ከጥፋት በኋላ የሚጮኸውን ሲነቅፉ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ደግሞ አስቀድሞ የሚጠነቀቀውን ሲያመሰግኑ ነው። ማረሚያው ከወጣበት ቀን አንሥቶ የምንቈጥራቸው ቀናት ከሁለቱ የትኛው ሆነን እንደምንገኝ ይወስናሉ። የሕዝብን መዝገብ የተረከበ ሠራተኛ እነዚህን ቀናት ያሳጥራቸው።