ሁለት ድስት፣ አንድ ድንኳን

ሁሩታ ላይ በተካሄደ የጤና ባለሙያዎች ምረቃ የክብር እንግዳ ሆነው የቀረቡት ጡረተኛ ነርስ የመድረኩን ወግ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። «ክቡራን እንግዶች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አሁን ከልጆቼ ጋር ልነጋገር» አሉና ፊታቸውን ጥቁር ጋዋን ወደለበሱት ወጣቶች አዞሩ። ስለ መርፌና ስለ መድኃኒት መምህራኑ አስተምረዋል፤ እሳቸው የሚናገሩት ሕመምተኛው ከቤቱ ይዞት ስለሚመጣው እምነት ነው።

እንግዳዋ ተወልደው ያደጉት እዚያው ሁሩታ ነው። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናቸው፤ ይህንንም ሳይጠየቁ ተናገሩ። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ መድረክ የሚዘወተረውን «ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው» የሚለውን አባባል አልወደዱትም። ክርስቲያኑ ክርስቶስ አምላክ ነው ይላል፤ ሙስሊሙ ዒሳ ነቢይ ነው ይላል። ሁለቱም ያመኑትን ለሌላው እንዲያካፍሉ ሃይማኖታቸው ያዛቸዋል። ታዲያ ልዩነቱን በጨዋ ቃል መሸፋፈን ሁለቱንም መናቅ ነው አሉ። እሳቸውን የሚያሳስባቸው የማካፈያው መንገድ ነው።

አርሲ ለዚህ ጥያቄ ቀላል ምድር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነበር፤ በአርሲ ዞን ግን ሙስሊሙ ከግማሽ ይበልጣል። ከቁጥሩ ጀርባ ታሪክ አለ። በ1870ዎቹ የምኒልክ ጦር አርሲን ሲያስገብር በብዙ ቦታ ቤተ ክርስቲያን የመጣችው ከጦሩና ከአዲሱ የመሬት ሥሪት ጋር ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ የአርሲ ኦሮሞ እስልምናን አጥብቆ የያዘበት አንዱ ምክንያት ይኸው እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። እንግዳዋ እዚህ ላይ ድምፃቸውን አላለዘቡም፦ ጠመንጃ ተከትሎ የመጣ ስብከት እውነት እንኳ ቢሆን ሰሚው የሚያስታውሰው ጠመንጃውን ነው። ዛሬ በጠመንጃ ፈንታ ሥልጣን፣ ዘይትና ስንዴ፣ የትምህርት ዕድል የያዘ ሰው ሁሉ፣ የትኛውም እምነት ይኑረው፣ ይህን ማወቅ አለበት አሉ።

ከዚያ ወደ ሰርግ ገቡ፤ ከሰርጉም ቶሎ አልወጡም።

የታላቅ ወንድማቸው ሰርግ ነበር። አባታቸው ለድግሱ ሰንጋ ገዙ፤ ከሰንጋው ሌላ ሁለት በጎች ገዝተው ወደ ሙስሊም ጎረቤታቸው ግቢ ላኩ። የጎረቤቲቱ ባለቤት በጎቹን ወደ ቂብላ አዙረው፣ ቢስሚላህ ብለው አረዱ። እናታቸው አዲስ ድስት፣ አዲስ ጭልፋ፣ አዲስ ቢላዋና መክተፊያ ከገበያ ገዝተው ለጎረቤቲቱ ሰጡ። እንግዳዋ «አዴ» እያሉ የሚጠሯቸው እኚህ ጎረቤት ወጡን በራሳቸው ጉልቻ፣ በራሳቸው እጅ ሠሩት። ለሙስሊም እንግዶች ጠላ ስለማይቀርብ ብርዝ ተበጠበጠ። ድንኳኑ ግን አንድ ነበር። ሙሽራው ሲገባ እልልታው ከሁለቱም ወገን ወጣ። በጎረቤት ቤት ድግስ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ለክርስቲያኖቹ በግ በቁሙ ይሰጣል፣ ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ ጾም ከሆነም ሽሮው ለብቻ ይሠራል።

ያን ጊዜ ልጅ የነበሩት እንግዳዋ በሁለቱ ድስት መካከል ቆመው አዴን «ሁሉም ሥጋ ነው፤ ለምን የእኛን አትበሉም?» ብለው ጠየቁ። አዴ ሽንኩርታቸውን እያቁላሉ፣ ሳይቆጡም ሳያፍሩም፣ ነፍስ የፈጣሪ ስለሆነች በስሙ ካልሆነ እንደማትወሰድ፣ ይህም ለእሳቸው ትእዛዝ እንደሆነ አስረዱ። ማታ እናታቸው በተራቸው ክርስቲያን ለምን አማትቦ እንደሚባርክ ነገሯቸው። እንግዳዋ በዕድሜያቸው ብዙ ስብከት ሰምተዋል፤ እንደዚያ ቀን ያለ ትምህርት ግን አልገጠማቸውም። ሁለት ሴቶች እምነታቸውን ሳይሸሽጉ አስተማሩ፤ ማንም አልተሰደበም፣ ማንም አልተገደደም። እናታቸው «ዝም ብላችሁ ብሉ፣ ማን ያያል?» አላሉም። አዴም ጎረቤታቸውን ለማስደሰት ሲሉ ሃይማኖታቸውን አልደበቁም።

ስለ ድስቱ ያወሩት ረዘም ቢልም የእንግዳዋ ጽኑ እምነት የተቀመጠው እዚያው ውስጥ ነው፦ ስለ ሰው ሃይማኖት ከራሱ ከሰውየው ስማ። የዛሬ ወጣት ስለ ጎረቤቱ እምነት የሚማረው ጎረቤቱን ለማሸነፍ ከተዘጋጀ የዩቲዩብና የቲክቶክ ክርክር መሆኑ ያንገበግባቸዋል። አንዱ ሐዲስ ቆርጦ ያመጣል፣ ሌላው ጥቅስ ይመዛል፣ ከሥር ያለው አስተያየት በስድብ ይሞላል። ከዚያ ወጣቱ «እኔ እስልምናን አውቃለሁ» ወይም «ክርስትናን አውቃለሁ» ይላል። ቁጣቸው እዚህ ላይ ግልጽ ነበር፦ «ሦስት ቪዲዮ አይታችሁ የሰው እምነት አወቅን አትበሉ! ጎረቤታችሁ በር ላይ አሉላችሁ፤ ቡና ጠጡና ጠይቋቸው።»

ቅዱሳት መጻሕፍቱም ይህንኑ ያዛሉ ብለው ሁለት ቦታ አመለከቱ። የጴጥሮስ አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ ስጡ ሲል በየዋህነትና በአክብሮት ይሁን ይላል። የቁርኣን ሱረቱል አንከቡት ቁጥር 46 ደግሞ የመጽሐፉን ሰዎች መልካም በሆነው መንገድ ካልሆነ በቀር አትከራከሩ ይላል። በስድብ የሚከራከር ሰው ቢያሸንፍ እንኳ የራሱን መጽሐፍ ጥሷል።

የአክሱሙን ንጉሥ የነጃሺንም ታሪክ አነሡ። በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞች አክሱም ሲደርሱ የመካዎቹ ቁረይሾች ገጸ በረከት ልከው ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በንጉሡ ፊት ቆሞ ከሱረቱ መርየም አነበበ። ስለ ዒሳ ሲጠየቅም ንጉሡን ለማስደሰት ብሎ እምነቱን አላጣፈጠም፣ አልቀነሰም። ንጉሡ ስጦታውን መልሶ እንግዶቹን አስጠለለ። ይህን ታሪክ ካስተላለፉት አንዷ ራሳቸው ተሰዳጅ የነበሩት ኡሙ ሰለማ ናቸው። ሙስሊሞች ንጉሡ በኋላ ሰልሟል ይላሉ፤ ክርስቲያኖች ይህን አይቀበሉም። በማኅበራዊ ሚዲያ ሙግቱ ሁሉ በየትኛው እምነት ሞተ በሚለው ላይ ሆኖ፣ በሕይወት ሳለ የሠራው ተረስቷል ሲሉ እንግዳዋ አዘኑ።

በሥራ ዘመናቸው ያዩትንም ሳይሸሽጉ ተናገሩ። በአንድ ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምና በወጣች ሙስሊም እናት ራስ ላይ ሳትፈቅድ እጅ ተጭኖ ሲጸለይ አይተዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በጠና የታመመ ክርስቲያን በተኛበት ክፍል ክርስትናን የሚያጣጥል ትምህርት በስልክ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ሲሰማ አስቁመዋል። «ሕመምተኛ ተነሥቶ መሄድ የማይችል ሰው ነው» አሉ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የማስተማር መብት ይሰጣል፤ ይኸው አንቀጽ ማስገደድንም ይከለክላል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በሕመምተኛ ላይ ሥልጣን ስላለው እምነቱን የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ይሁን ብለው አጥብቀው አሳሰቡ።

ከሆስፒታል ውጭ የደረሰውንም ጥቃት አነሡ፦ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል። ኅዳር 2016 ዓ.ም. እዚሁ አርሲ ውስጥ በሽርካ ወረዳ ኦርቶዶክሳውያን ተገድለዋል። እንግዳዋ ሁለቱን አከታትለው የጠሩት ሆን ብለው ነበር። ለአንዱ አልቅሶ ለሌላው ዝም የሚል ሰው ስለ መከባበር ባያወራ ይሻላል አሉ። ሌላም ትውስታ ጨመሩ፦ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው አዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈው ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሦስቱን የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል አድርጎ ደነገገ።

ወደ መጨረሻው ድምፃቸው ለዝቦ ወደ ሙያቸው ተመለሱ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ጀመረ፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ሰሞን ጾመ። የስኳር ሕመምተኛ ጾመኛ ቁጣ ፈርቶ መጾሙን ከነርሷ ከደበቀ፣ መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ይውልና ራሱን ሊስት ይችላል። «እየጾሙ ነው ወይ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል፣ ባይጾም የሚሻለውንም ቄሱን ወይም ሼኩን እንዲያማክር መንገር ሕይወት ያድናል።

የመጨረሻው ቃላቸው አደራ ነበር፦ «የምትመደቡበት ጤና ጣቢያ እንደደረሳችሁ፣ ወሩ ሳያልቅ ከእናንተ እምነት ውጭ የሆነ አንድ ጎረቤት ቤት ሂዱ። ስለሚያምነው ጠይቁት፣ ሲመልስ አታቋርጡት። እሱም ከጠየቃችሁ ሳትሸሽጉ፣ ሳታጋንኑ ንገሩት። በሐዘኑም በደስታውም ቀድማችሁ ተገኙ። ልጆቼ፣ ይህን አደራ ብያችኋለሁ።»