ስሟ ያልተጻፈላት ቆንጆ



ስለ ጃፓን የእንጨት ኅትመት ሥዕሎች እንድናገር ታዝዣለሁ። «የጋይንት ሰው ስለ ጃፓን ምን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አገሬ የምትታወቀው በቤተልሔም ድጓ ነው። ነገር ግን ሥዕል ማየት የተማርሁት በደብራችን ግድግዳ ነውና ከዚያ ልነሣ።

በአብያተ ክርስቲያናችን ሥዕሉን ያሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ ስሙም ይጻፍለታል። የሚጻፈውም ያየው ሁሉ በጸሎት እንዲያስበው ነው።

ወደ ጃፓን እንሻገር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1617 መንግሥቱ በኤዶ፥ በዛሬይቱ ቶኪዮ፥ ዮሺዋራ የተባለ የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ፈቀደ። ሰፈሩ በቦይ ታጥሮ በአንድ በር ይጠበቅ ነበር። ውስጡ ካሉት ብዙዎቹ በልጅነታቸው ድኻ ወላጆቻቸው በብድር ገንዘብ የሰጧቸው ናቸው።

እነዚህን ሴቶች ሠዓሊዎች በስስ ወረቀት ይነድፉ ነበር፤ ቀራጩ ንድፉን በእንጨት ላይ ለጥፎ ይቀርጻል፤ አታሚውም ለየቀለሙ በተቀረጸው እንጨት በየተራ ያትማል። ዋጋው ርካሽ ስለ ነበረ ተራው ሕዝብ ይገዛው ነበር። በብዙዎቹ ላይ የሴቲቱና የቤቷ ስም ታትሟል። ታዲያ ያ ስም ለጸሎት ሳይሆን ለገበያ ነበር። የእናትና የአባቷ ስያሜም አልነበረም፤ የታወቀው የቤቱ ስም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፍ ነበርና።

በ1806 የሞተው ኡታማሮ ግን የዮሺዋራን ቀንና ሌሊት በ12 ሥዕሎች አሳይቷል። በአንዱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እንቅልፍ ያሸነፋት ሴት የበራ ወረቀት በእጇ ይዛ ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች። ያን ጊዜ የምትታይ የቤቱ ጌጥ ሳትሆን የደከመች የሰው ልጅ ናት። የጃፓን ሕግ አውጪዎች ሴተኛ አዳሪነትን የከለከሉት በ1956 ነው፤ ከሥዕሉ 160 ዓመት ያህል ቆይቶ።

ወንድሞቼ፥ ይህን የምናገረው በጃፓን ለመፍረድ አይደለም። ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ወንድ ልጅ ለድጓ ሲሰደድ መሪጌታ ተብሎ ይመለሳል። ችግር ያስወጣት እኅቱስ? በከተማ ጠጅ ቤት ኮማሪት ስትሆን መልኳን እናወድሳለን፤ ቤት ያወጣላትን ስም ግን የሚጠይቃት ማነው? ሥዕሉን እናድንቅ። ስሟንም እንጠይቅ።