ቅዝቃዜን የሚጠብቅ አበባ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በኢትዮጵያ «ክረምት» ሲባል በሐሳብ የሚመጣው ዝናብ፣ ጭቃና የወንዝ ሙላት ነው። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውን የሚያለብሰው ምድሪቱ ውሃ ጠጥታ ስለጠገበች ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን ክረምት ማለት ውርጭ የሚወርድበት፣ ቀኑ የሚያጥርበት፣ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ዕርቃኑን የሚቆምበት ወራት ነው። ከዚያ ወራት በኋላ ክሮከስ፣ ናርሲስ፣ ሃያሲንትና ቱሊፕ በየተራቸው መሬቱን ሰንጥቀው ሲወጡ የሚያይ ሰው፣ አበቦቹ ብርዱን እንደምንም ታግሠው ያለፉ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቱሊፕ ብርዱን ታግሦ የሚያልፍ ብቻ ሳይሆን ብርዱን የሚሻ ተክል ነው፤ ብርድ ካላገኘ በወጉ አያብብም።

የነገሩ ምክንያት ከተክሉ የትውልድ አገር ይጀምራል። የዱር ቱሊፕ በብዛት የሚገኘው በመካከለኛው እስያ ተራሮች ነው። በዚያ በጋው ደረቅና ሞቃት፣ ክረምቱ በረዷማ፣ ፀደዩም አጭር ነው። ተክሉ በዚች አጭር ጊዜ ቅጠል ያወጣል፣ ያብባል፣ ያፈራል፤ ለሚመጣው ዓመትም ስንቁን ከመሬት በታች ያከማቻል። ይህ የስንቅ ማከማቻ እንደ ቀይ ሽንኩርት በንብርብር የተሠራና በስታርች የተሞላ ስለሆነ «የአበባ ሽንኩርት» ቢባል ያስኬዳል።

የአበባ ሽንኩርት የሚያልፍበት ሂደት ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው የበጋው ሙቀት ነው። በሆላንድ ገበሬዎች ሽንኩርቱን በሰኔና በሐምሌ ከመሬት አውጥተው በመጋዘን ያሳድሩታል። ከ17 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ውስጥ፣ ከውጭ ሲታይ የተኛ የሚመስለው ሽንኩርት በውስጡ አበባ ይሠራል። በመከር ጊዜ በስለት ተከፍሎ በማጉያ መነጽር ቢታይ ስድስቱ የአበባ ቅጠሎች፣ ስድስቱ ወንዴ ዘንጎችና በመካከል ያለው ሴቴ ክፍል ጥቃቅን ሆነው ተሟልተው ይገኛሉ። ሁለተኛው ደረጃ ቅዝቃዜ ነው። እንደየዝርያው ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል፣ በ9 ዲግሪ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለ ቅዝቃዜ ሲቆይ የተከማቸው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ የግንዱም ሴሎች ለመርዘም ይዘጋጃሉ። ሦስተኛው የፀደይ ሙቀት ነው። በዚህ ጊዜ ተዘጋጅቶ የቆየው ግንድ በፍጥነት ይረዝማል፤ አበባውም ይፈካል።

እንግዲህ ብርዱ አበባውን አይፈጥረውም፤ የተፈጠረውን አበባ ወደ ብርሃን የሚያወጣውን ግንድ ግን ያበቃዋል። ብርድ ያጣ ሽንኩርት ግንዱ አጥሮ አበባው ከቅጠል ሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ ወይም እንቡጡ ይደርቃል። በሌላ በኩል አበባው በውስጥ ሳይሟላ ቀድሞ ቢቀዘቅዝም ይበላሻል። አንዱን ደረጃ በማብዛት የሌላውን ጉድለት መሙላት አይቻልም፤ ቅደም ተከተሉንም መገልበጥ አይቻልም።

ይህን የወቅት ምሥጢር በዲግሪና በሳምንት ከተረጎሙት ሊቃውንት መካከል ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሆላንድ በዋኽኒንገን የሠሩት ፕሮፌሰር ብላውና ባልደረቦቻቸው ይገኙበታል። ሽንኩርቶችን በተለያየ ሙቀት አስቀምጠው የእንቡጡን ዕድገት በማይክሮስኮፕ ለኩ። ከዚህ በኋላ ክረምት በመጋዘን ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነገር ሆነ፤ ቱሊፕም በገና ሰሞን ለገበያ ሊደርስ ቻለ።

ይሁን እንጂ ሰው ሠራሽ ክረምት የመሐንዲስን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በፉዛሪየም ሻጋታ የተያዘ የቱሊፕ ሽንኩርት ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህም ጋዝ በተዘጋ መጋዘን ሲጠራቀም የጤነኞቹን ሽንኩርቶች እንቡጥ ያደርቃል። ጉዳቱ በዚያን ቀን አይታይም፤ ከወራት በኋላ ግንዱ ሲወጣና አበባው ሲታጣ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ የመጋዘኑ ሙቀት በትክክል ቢጠበቅ እንኳ አየሩ ካልተለወጠ የዓመት ድካም ከንቱ ይሆናል። በቤት ማቀዝቀዣ የአበባ ሽንኩርት ከፖም ጋር አታስቀምጡ የሚባለውም የበሰለ ፖም ይህንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። ወደ ሆላንድ ገበያ የሚላከውን የኢትዮጵያ ጽጌረዳ ትኩስ አድርጎ የሚያደርሰው ሳይቋረጥ የተጠበቀ ቅዝቃዜ ነው፤ ለብዙ የጽጌረዳ ዝርያዎችም ኤቲሊን ጠላት ነው።

የአበባ ሽንኩርት በታሪክ ከጌጥነት ያለፈ ነገርም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው ክረምት፣ በጀርመን ጦር ሥር የነበረው የሆላንድ ምዕራባዊ ክፍል እህልና ማገዶ አጣ። ለፀደይ የተቀመጠው የቱሊፕ ሽንኩርት ከመጋዘን ወጥቶ በየቤቱ ተቀቀለ። ሰዎች ይጎዳል የተባለውን የመካከሉን ቡቃያ እያወጡ የቀረውን በሉት። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሕዝብ በዚያ ረኃብ አለቀ። ለአበባው ግንድ የተሰነቀው ስታርች ለሰው ነፍስ ማቆያ ሆነ። በመጋዘን ያለ ነገር ዋጋው በገበያ ብቻ እንደማይለካ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ክረምቱ ሲበረታና ሲረዝም አበባው ይዘገያል፤ ነገር ግን ቅዝቃዜውን ጠግቦ ስለቆየ ሙቀቱ እንደመጣ የዘገየው ሁሉ በአንድነት ይፈነዳል። ክረምቱ ሲሞቅ ደግሞ አበባው ይቀድማል፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈም ተክሉ ይደናገራል። ምድር እየሞቀች ባለችበት በዚህ ዘመን ይህ ለአትክልተኛው ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቀድሞ ሰማይ በነጻ ይሰጠው የነበረውን ብርድ በኤሌክትሪክ ኃይል መግዛት ሊኖርበት ነው።

የአዲስ አበባ ደጋ እንኳ ለቱሊፕ በቂ ብርድ የለውም፤ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል። ስለዚህ በዚያ የሚተከል ሽንኩርት አስቀድሞ በማቀዝቀዣ መቆየት አለበት። በአንጻሩ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የሚበቅል፣ ነጭ ሆኖ መካከሉ ሐምራዊ የሆነ ግላዲዮለስ አለ። አውሮፓውያን በአቢሲኒያ ስም ይጠሩታል። ይህ ተክል ውርጭ ስለሚገድለው በፀደይ ይተክሉታል፤ ብርዱ ሳይገባም ከመሬት አውጥተው ከውርጭ ይሸሽጉታል። በአንድ አትክልት ሥፍራ፣ በአንድ መከር፣ ያው አትክልተኛ አንዱን ከብርድ ለማዳን ሲያወጣ ሌላውን ብርድ እንዲያገኝ ይቀብራል። ሁለቱን አንድ ዓይነት እንክብካቤ ቢያደርግላቸው አንዱ ይሞታል።

የመሐንዲስም ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ያልተለካ ቸርነት ይጎዳል፤ ተለክቶ በጊዜው የተሰጠ ብርድ ግን ያፈካል። መጋዘን የሚሠራ፣ ማቀዝቀዣ የሚተክል፣ የአየር መተላለፊያ የሚቀድ ባለሙያ ሁሉ የሥራው ውጤት የሚታየው ከወራት በኋላ፣ እርሱ በሌለበት ሥፍራ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። አበባው በፀደይ ሲፈካ በጥቅምት የተዘጋውን በር የሚያስታውስ የለም፤ ሳይፈካ ሲቀር ግን ጥፋቱ የሚፈለገው ከዚያው በር ነው።