ለሩጫ፣ ለእግር ጉዞና ተራራ ለመውጣት የሚሆን አንድ ቦርሳ



በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር መልካም ንግግር አድርገዋል። እኔ የመረጥሁት ነገር ከዚያ ዝቅ ያለ ነው፤ የምናገረው ስለ ጀርባ ቦርሳ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ነገር ግን የወላጆች ኮሚቴ ይህን በዓል ምክንያት አድርጎ ለስፖርትና ለእግር ጉዞ ክበባችን ቦርሳ ለመግዛት ቃል ስለ ገባ፣ ገንዘቡም ከእናንተ ከወላጆቻችን ኪስ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ምን ዓይነት ቦርሳ ይገዛ የሚለው ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በክበቡ ውስጥ ሁለት አሳብ አለ። አንደኛው ወገን ስድሳ ሊትር የሚይዙ ታላላቅ ቦርሳዎች ጥቂት ይገዙ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሃያ ሊትር ያህል የሚይዝ ቀላል ቦርሳ በርከት ብሎ ይገዛና ለሩጫም፣ ለእግር ጉዞም፣ ዐለት ለመውጣትም እርሱ ያገልግል ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም እንድታደምጡኝ እለምናለሁ።

ሃያ ሊትር ስንል ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየቤታችን ውሃ የምናጠራቅምበት ቢጫ ጀሪካን ሃያ ሊትር ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ የአንድ ቀን ጉዞ ዕቃ ይገባል። እስቲ እንደምረው። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። የዝናብ ልብስ 300 ግራም፣ ሹራብ 400 ግራም፣ በሶና ቆሎ ግማሽ ኪሎ፣ የቁስል ማሰሪያና መድኃኒት 200 ግራም፣ የእጅ ባትሪ 100 ግራም ቢሆኑ፣ ጠቅላላው ሦስት ኪሎ ይሆናል። አሁን ይህን ግማሽ ኪሎ በሚመዝን ቦርሳ ብትጭኑት ሸክማችሁ ሦስት ኪሎ ተኩል ነው። ሁለት ኪሎ በሚመዝን ትልቅ ቦርሳ ብትጭኑት ግን አምስት ኪሎ ይሆናል። ባዶው ቦርሳ ብቻውን የውሃውንና የስንቁን ያህል መዘነ ማለት ነው። ደግሞም ባዶ ቦታ ያለበት ቦርሳ ባዶውን አይቀርም፤ እናት «ይህንንም ጨምር፣ ያንንም ያዝ» ትላለች፤ ልጁም እሺ ይላል።

ይህ የክብደት ነገር እንዲያው ለማጋነን የተባለ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ቴይለር የተባለ ሊቅና ጓደኞቹ ሰውን፣ ፈረስን፣ ውሻንና አይጥን ሸክም አሸክመው በማስሮጥ የሚተነፍሱትን ኦክሲጅን ለኩ። ያገኙትም ውጤት ሸክሙ የሰውነትን ክብደት ከመቶ ዐሥር እጅ ቢጨምር፣ ሯጩ የሚያወጣው ኃይልም ከመቶ ዐሥር እጅ ያህል እንደሚጨምር ነው። እንግዲህ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አምስት ኪሎ ተሸክሞ እንጦጦን ሲሮጥ ምን እንደሚደርስበት አስቡት።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከእነዚያው ሊቃውንት አንዳንዶቹ ያሉበት ቡድን በጎረቤታችን በኬንያ የሉኦንና የኪኩዩን ሴቶች መረመረ። የሉኦ ሴቶች በራሳቸው ላይ፣ የኪኩዩ ሴቶች ደግሞ በግንባራቸው በሚያልፍ ጠፍር ይሸከማሉ። እነዚህ ሴቶች ከክብደታቸው ከመቶ ሃያ እጅ የሚሆን ሸክም ይዘው ሲራመዱ፣ ባዶ እጃቸውን ከሚራመዱበት የበለጠ ኃይል አላወጡም። ከልጅነት ጀምሮ የተማሩት አረማመድ ነው ይህን ያስቻላቸው። እኛ የከተማ ልጆች ይህ ጥበብ የለንም። በየቅዳሜው ጧት እንጦጦ ላይ ስንሮጥ፣ ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ እንጨት በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ጐንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶችና እኅቶች ያጋጥሙናል። የእነርሱ ሸክም ለእንጀራ ነው፤ ቀላል ቦርሳ ይመረጥላቸው ዘንድ የጠየቃቸው ሰው የለም። ስለ ሸክም ስናገር እነርሱን ሳልጠቅስ ማለፍ ስላልቻልሁ ነው ይህን ያነሣሁት። መንገዱንም ልንለቅላቸው ይገባል፤ አንዳንዶቻችን አንለቅም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሦስቱ ሥራዎች ከቦርሳ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ነው። ሩጫ የሚፈልገው የማይዘል ቦርሳ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ዝቅ የሚል ቦርሳ ትከሻን ይልጣል፤ አተነፋፈስንም ያውካል። ስለዚህ ከጀርባ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ በደረት ላይ የሚታሰር፣ ቢቻል ሁለት ማሰሪያ ያለው፣ ውሃውም ከፊት ከማንገቻው ላይ የሚያዝ ይመረጣል። የእግር ጉዞ የሚፈልገው ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ተራራ ላይ ሹራብና የዝናብ ልብስ ሳይዙ መሄድ ሞኝነት ነው። በያንዳንዱ ሺህ ሜትር ከፍታ አየሩ በስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ራስ ዳሸን የሚወጣ ሰው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ስለሚጨምር፣ የሚያገኘው ብርድ እዚህ ከለመደው በዐሥራ ሦስት ዲግሪ ያህል የበረታ ነው።

ዐለት መውጣት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጠባይ ይፈልጋል። በትግራይ በገርዓልታ ወደ አቡነ የማታ ጎህ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ጫማ ተወልቆ በእጅና በእግር ዐለት እየተቈነጠጠ የሚወጣበት እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በእንዲህ ያለ ቦታ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ቦርሳ ባለቤቱን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቦርሳው ከትከሻ ስፋት የማያልፍ ጠባብ፣ የሚንጠለጠል ነገር የሌለበት፣ ክንድን ወደ ላይ ለመዘርጋት የማይከለክል መሆን አለበት። በገመድ የሚወጡ ልጆች ወገባቸው ላይ ገመድ የሚታሰርበትን ትጥቅ ስለሚታጠቁ፣ የቦርሳው የወገብ ቀበቶ ተፈትቶ የሚወጣ ቢሆን ይሻላል፤ አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ። የቦርሳው ራስም ከፍ ብሎ ከሄልሜቱ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ልጁ ቀና ብሎ የሚይዘውን ዐለት ማየት አይችልም። ስድሳ ሜትር ገመድ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝንና ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በትንሽ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ በጠፍር ይታሰራል። ይህ ጉድለት መሆኑን አልክድም።

እንግዲህ ሦስቱን የሚያስታርቅ ቦርሳ ከዐሥራ ስምንት እስከ ሃያ ሁለት ሊትር የሚይዝ፣ ከስድስት መቶ ግራም የማይበልጥ፣ በጎንና በጎን ማጥበቂያ ጠፍር ያለው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ማጥበቂያ ነው ብዬ አምናለሁ። ለሩጫ ሦስት ነገር ብቻ ስትይዙ ጠፍሩን ስባችሁ ቦርሳውን ታሳንሱታላችሁ፤ ለጉዞ ስትሞሉት ትለቁታላችሁ። በቅሎ ጫኞች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ የላላ ጭነት በቅሎን እንደሚያቈስል ያውቃሉና።

ስለ ልክ ደግሞ ጥቂት ልበል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ በዚያ የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው ነበር በባዶ እግሩ የሮጠው። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ግን የሚስማማ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። የማይስማማ ዕቃ ከመያዝ አለመያዝ እንደሚሻል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። የቦርሳ ልክ የሚለካው በቁመት አይደለም፤ በጀርባ ርዝመት ነው። አንገታችሁን ስታቀረቅሩ ከበስተኋላ ጎልቶ ከሚወጣው አጥንት ጀምሮ እስከ ዳሌ አጥንት አናት ድረስ ይለካል። ረጅም ልጅ አጭር ጀርባ ሊኖረው ይችላል። እኅቶቻችን ደግሞ ትከሻቸው ብዙ ጊዜ ጠበብ ያለ ስለ ሆነ፣ ለወንዶች የተሠራ ማንገቻ ብብታቸውን ይፈገፍጋቸዋል፤ ስለዚህ ማንገቻው የሚስተካከል ካልሆነ ገንዘቡ ለክበቡ ግማሽ ብቻ እንደ ወጣ ይቈጠር።

ባለፈው ጥር ወደ ዝቋላ በሄድን ጊዜ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከጎረቤት የተዋሰውን ታላቅ ቦርሳ ይዞ መጣ። ልጁ ብርቱ ነው፤ በሩጫ ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ቦርሳው ግን እስከ ጭኑ ይደርስ ነበር። ተራራውን ገና ሳያጋምስ ማንገቻው ትከሻውን ስለ ላጠው ከአንድ መምህር ጋር ተመለሰ፤ በተራራው ራስ ላይ ያለውን ሐይቅም ሳያይ ቀረ። በዚያን ቀን ቦርሳ ስለሌላቸው ጭራሽ ያልመጡ ሌሎችም ነበሩ። ታላላቅ ቦርሳዎች ጥቂት ይገዙ የሚሉ ጓደኞቼ እነዚህን ልጆች እንዲያስቡልኝ እወዳለሁ።

የእነርሱም ክርክር ግን ባዶ አይደለም። ማታ የምናድርበት ጉዞ ሲሆን ብርድ ልብስና ድንኳን የት ይገባል ይላሉ። እውነት ነው፣ ሃያ ሊትር ውስጥ አይገባም። ዲክ ኬልቲ የተባለ አሜሪካዊ በ1952 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር የአሉሚኒየም አጥንትና የወገብ ቀበቶ ያለው ቦርሳ እየሠራ መሸጥ የጀመረው፣ ከባድ ሸክም ከትከሻ ይልቅ በዳሌ ላይ ሲያርፍ ስለሚቀል ነው። ከባድ የሚሸከም ሰው እንዲህ ያለውን ይግዛ። ነገር ግን በአገራችን ተራሮች፣ ለምሳሌ በስሜን፣ ከባዱን ጓዝ በቅሎ ይሸከመዋል፤ መንገደኛው በጀርባው የሚይዘው የቀኑን ብቻ ነው። ኤማ ጌትዉድ የተባሉ የስድሳ ሰባት ዓመት አሜሪካዊት አያት ደግሞ በፈረንጆች በ1955 ዓ.ም. ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአፓላቺያን መንገድ በእግራቸው ሲፈጽሙ፣ የያዙት በገዛ እጃቸው የሰፉትን የጨርቅ ከረጢት በአንድ ትከሻቸው አንግተው ነበር። በአንድ ትከሻ ማንገቱን አትከተሉ፤ የያዙትን ነገር ማነስ ግን ልብ በሉት።

ስለ ጨርቁ ብዙ አልናገርም። በምልክቱ ላይ «ዲኒየር» የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ይህም ዘጠኝ ሺህ ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚያሳይ ነው። ሰባ ወይም መቶ የሆነው ናይሎን ቀላል ነው፤ ዐለት ላይ ሲፋተግ ግን ቶሎ ይቀደዳል። ሁለት መቶ ዐሥር የሆነው ለእኛ የሚስማማ ይመስለኛል። ውሃ አያስገባም ተብሎ ቢሸጥላችሁም በስፌቱና በዚፑ መግባቱ ስለማይቀር፣ ከውስጥ አንድ ወፍራም ፌስታል ይደረግበት። አዲስ መግዛት ካልተቻለም ከመርካቶ ሰልባጅ ጥሩ ቦርሳ ይገኛል፤ ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተሰፋበትን ቦታ በኃይል ስባችሁ ተመልከቱት እንጂ ቀለሙን አትዩ። የደረት ማሰሪያ ከሌለው ቦርሳ ሰፊ ይጨምርለታል። ስለ ኪስ ብዛትም ብዙ ጓደኞቼ ይደሰታሉ፤ እኔ ግን ዐሥር ኪስ ባለበት ቦርሳ ውስጥ ቁልፉን ያላጣ ሰው አላየሁም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት በዐይናችሁ እንድታዩት ሦስት ዓይነት ቦርሳዎች ከልዩ ልዩ ሰዎች ተውሰን ከስፖርት ዕቃ ቤቱ በር ላይ አስቀምጠናል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ሦስት ኪሎ አሸዋ አለ። አንግቱአቸውና ሜዳውን አንድ ዙር ሮጣችሁ፣ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ፣ ቀና ብላችሁ ሰማዩን አይታችሁ ፍረዱ። መሮጥ የሚያስቸግራችሁ አባቶችና እናቶች ብትኖሩ ልጆቻችሁ ይሮጡላችኋል። በሩ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።